ቀረሶ በካባ

ዘጌ፣ ሰኞ የካቲት 30 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበርሽው እኅቴ፣ ለወይዘሪት ሩሐማ ኃይለ ገብርኤል፤ ባሕር ዳር።

ይህን ደብዳቤ ቆመሽ እንዳታነቢው፤ ወንበር ፈልጊ። ወንበር ከጠፋ አልጋሽ ላይ ተቀመጪ፤ የሚጠጣ ውኃም አጠገብሽ አድርጊ። በቤታችን ላይ ከባድ ነገር ወድቋል። እኔና አንቺ ሳንወለድ ጀምሮ በክብር ሲያገለግል የኖረ፣ በጥምቀት ታቦት ያጀበ፣ በትንሣኤ ሌሊት ከሰው ሁሉ ፊት የቆመ፣ ማንንም አስቀይሞ የማያውቅ አንድ የቤታችን ባለውለታ ከትናንት ጀምሮ በጠና ታሟል። ትንፋሹ ተለውጧል። ቀርቦ የሚያስታምመው ጠፍቷል።

አባየ አይደሉም! አባየ ደኅና ናቸው፤ ይኸው ከደጅ ሆነው ለተማሪዎቻቸው ጾመ ድጓ እየነገሩ ነው፤ ድምፃቸው እዚህ ድረስ ይሰማኛል። እማየም ደኅና ናት። ካለቀስሽ ዕንባሽን ጥረጊና ቀጥዪ። የታመመው የአባየ ካባ ነው።

ዓሣ ዓሣ ይሸታል፣ እትየ። በሁዳዴ!

«ለምን አልደወልህም?» ትይኝ ይሆናል። የኔን ስልክ ጣና ከዋጠው ሰንብቷል፤ ጉማሬ ፎቶ ላነሣ ጎንበስ ስል ነው፤ ጉማሬውም ኋላ ግንድ ሆኖ ተገኘ። ቤት ያለው የአባየ ስልክ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ከአንገታቸው አያወርዱትም። ስለዚህ አንቺም እንዳትደውዪ። መልስሽን ለባለጀልባው ለአካሉ ስጪው፤ ጠዋት ጠዋት ሰው ይዞ ይመጣል።

እንዴት ሆነ? ጥፋቱ የጥዑመ ልሳን ነው። የአባየን ተማሪ ታውቂው የለ? ጾም በገባ ቁጥር ፊቱን ያረዝምና «ገድሉ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አፍህ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ» ይለኛል። ይበለኝ። ለእማየ ምን አስነገረው? እኔም ከወደቡ ለከተማ ሆቴል ከሚጭኑት ዓሣ ላይ አንዲት ቀረሶ ለምኜ፣ ችንካር ላይ ከሰቀለው የነጠላ ጥቅልል ውስጥ ሸጎጥሁለት። ሐሳቤ ሰው መካከል ነጠላውን ሲፈታ ዓሣዋ ዱብ እንድትልለት ነበር። በቃ፣ ይህችው ናት። ከዚያው ችንካር ላይ ሌላ ነጭ ጥቅልል እንደሚሰቀልና ውስጡ የአባየ የትልቅ ቀን ካባ እንዳለ ማን ነገረኝ?

ቅዳሜና እሑድን ጥዑመ ልሳንን እየተከተልሁ ስስቅ ዋልሁ። እሱ «ምን ሆኗል ይህ ልጅ» እያለ ያማትባል። ዓሣዋ ደግሞ በዚህ ሙቀት በአባየ ካባ ተጠቅልላ ሥራዋን ትሠራለች።

ትናንት ማታ ጥዑመ ልሳን ነጠላውን ፈትቶ ዱብ የሚል ነገር ሲጠፋ ነው ሌላውን ጥቅልል የከፈትሁት። አሁን የሚያስቀው አለቀ። የፊታችን እሑድ ደብረ ዘይት ነው። የዘንዘልማው አዲስ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች አባየን ሊሰሙ ይመጣሉ፤ ደስ ካላቸው የደብሩ መሪጌታ አድርገው ይወስዷቸዋል፤ ቤትም ይሰጧቸዋል። ዘንዘልማ ለባሕር ዳር ቅርብ ስለሆነ ከዚያ የዓይን ሐኪም ዘንድ በባጃጅ ይኬዳል። አባየ እኮ መጽሐፉን ከአፍንጫቸው ሊያጣብቁት ምንም አልቀራቸውም፤ ያልነገሩሽ እንዳታስቢ ብለው ነው። ታዲያ በጾሙ እኩሌታ ዓሣ ዓሣ የሚሸት መሪጌታ ማን ይፈልጋል?

አናፈስሁት፤ እምቢ አለ። ጤና አዳም አሸሁበት፤ አሁን በጤና አዳም የተሠራ ዓሣ ይሸታል። አንቺ ኬሚስትሪ ትማሪ የለም እንዴ? መላ በይ። ፈተናሽስ እንዴት ሆነ?

የማይረባው ወንድምሽ፣
ገድሉ


ባሕር ዳር፣ ማክሰኞ መጋቢት 1

ለገድሉ፤

እግዜር ይይልህ። የደብዳቤህን መጀመሪያ ጮክ ብዬ ሳነብ የክፍሌ ልጆች ተሰበሰቡ። «ከባድ ነገር ወድቋል» የሚለው ላይ ስደርስ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ሲና የምትባለው ጓደኛዬማ ደረቷን መምታት ከጀመረች በኋላ ነው «ካባ» የሚለው ላይ የደረስነው። እስካሁን አታናግረኝም።

አሁን ይህን እስከ መጨረሻው አንብብ። እስከ መጨረሻው ነው ያልሁህ።

ሞለኪውል ገላ አለው፣ ጫፍ አለው። ካርቦንና ሃይድሮጂን ብቻ የሆነ ገላ እንደ ላምባ ነው፤ ከውኃ ጋር አይስማማም። ጫፉ ላይ ሌላ ነገር ሲሰካበት ግን ጠባዩ ይለወጣል፤ ሽታው፣ ጣዕሙ፣ የሚፈላበት ሙቀት፣ ከማን ጋር እንደሚቀላቀል፣ ሁሉም። ያንን የተሰካውን ፈንክሽናል ግሩፕ እንለዋለን። ኦክስጅንና ሃይድሮጂን ተያይዘው ከተሰኩበት አልኮል ነው፤ ያ ጫፍ ውኃን ስለሚወድ ነው አረቄ በውኃ የሚቀጥነው። ያው ጫፍ ኦክስጅን ተጨምሮለት አሲድ ሲሆን ደግሞ ይኮመጥጣል። አረቄና ኮምጣጤ የካርቦናቸው ቁጥር አንድ ነው፤ አንዱን የሚያሰክር ሌላውን የሚኮመጥጥ ያደረገው ጫፉ ነው። ሎሚ እንዲህ ያለ ኮምጣጣ ጫፍ በብዛት ያለው አሲድ አለው።

ዓሣ ሲበሰብስ አሚን የሚባሉ ነገሮች ይወጡታል። ጫፋቸው ናይትሮጅን ነው። ትንንሾች ስለሆኑ ይበራሉ፤ በርረው አፍንጫህ ውስጥ ይገባሉ። አሲድ ሲያገኛቸው ግን ናይትሮጅኑ ከአሲዱ ሃይድሮጂን ይቀበልና ጨው ይሆናል። ጨው አይበርም፤ የማይበር ነገር ደግሞ አይሸትም። ሰው ዓሣ ላይ ሎሚ የሚጨምቀው ለጣዕም ብቻ አይደለም። ስለዚህ ሎሚ በውኃ በጥብጥና በንጹሕ ጨርቅ የካባውን ገበር ቀስ እያልህ አብሰው።

ከዚያ ያ ጨው ከጨርቁ እንዲወጣ በንጹሕ ውኃ ደጋግመህ አብስ። ይህን ካላደረግህ ሽታው ተኛ እንጂ አልሄደም። ሳሙና እንዳታስነካው፤ አመድም እንዳታስነካው። አሲዱ የሰጠውን ሃይድሮጂን ሳሙና መልሶ ይነጥቀዋል፤ አሚኑም እንደ ገና ይበራል።

ለአባየ ደግሞ ራስህ ንገራቸው። ስለ ዓይናቸው ስላልነገራችሁኝ አዝኛለሁ። ፈተናውን ተወው፤ ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ።

ሩሐማ


ዘጌ፣ ረቡዕ መጋቢት 2

ለእትየ ሩሐማ፣ የዓሣ ነፍስ አባት፤

ዳነ! ካባው ዳነ! ደብዳቤሽን እስከ ሎሚው ድረስ አነበብሁና ሮጥሁ። ከሎሚው በታች ያለው መቼም የታላቅ እኅት ምክር ነው ብዬ ለሌላ ጊዜ ኪሴ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ሎሚ እንደሆነ ከጓሯችን አይጠፋም፤ የዛፉን እኩሌታ አራገፍሁት። እማየ «ምን ልታደርገው ነው?» ስትለኝ «ለትምህርት» አልኋት። ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ጀምሮ ይህን ቃል ከአፌ ሰምታው ስለማታውቅ የወደቀውን ሎሚ ራሷ ትለቅምልኝ ጀመር።

አበስሁት። ቀረብ ብዬ አሸተትሁት፤ የለም! አፍንጫዬን ከገበሩ ውስጥ ቀብሬ ደገምሁት፤ የለም!

አሁን ግን ግራ የገባኝ ነገር አለ፤ ከጠዋት ጀምሮ ራሴን እያዞረኝ ነው። ሽታው አለ ወይስ የለም? ካለ ለምን አይሸትም? ከሌለስ ማን ወሰደው? ጨው ሆነ ብለሽኛል፤ በምላሴ ቀመስሁት፤ ሎሚ ነው እንጂ ጨው ጨው አይልም። እናንተ ትምህርት ቤት የሚያስተምሯችሁ እንዲህ የሌለን ነገር አለ፣ ያለን ነገር የለም ማለት ከሆነ፣ እኔ አሥረኛ ክፍል ላይ ያቆምሁት ተምሬ ጨርሼ ነው ማለት ነው።

የጫፉ ነገር ግን ገብቶኛል፤ ቢያንስ የገባኝ ይመስለኛል። አባየ ካባቸውን አውልቀው ቡናው ውስጥ ሲያርሙ ያገኛቸው ቱሪስት ገለል በሉ ብሎ ዛፉን ፎቶ ያነሣል። ካባውን ሲደርቡት ገላቸው ያው ነው፣ ጫፋቸው ግን ተለውጧል፤ ከጳጳስም ጋር ይቀላቀላሉ። ጥዑመ ልሳን ደግሞ ጫፉ ላይ ሎሚ ሳይሰኩበት አልቀሩም፤ ፊቱን አይተሻል። እኔ ብቻ ምንም ያልተሰካብኝ ላምባ ነኝ። ከማንም አልስማማም፤ እሳት ሲነካኝ ግን ቦግ ነው።

ካባው አሁን ትንሽ ሎሚ ሎሚ ይላል። ገበሩም ደርቆ እንደ ቆዳ ተገትሯል፤ ጉንዳንም ወዶታል። እሱ ቀላል ነው፤ ነገ በሳሙና አለሳልሰዋለሁ። አንቺ ምንም አታስቢ።

ስለ ፈተናሽ ሌላ ጊዜ ማለትሽን አይቻለሁ። ለአባየ አልነገርሁም። ያንቺንም፣ የኔንም።

ባለድሉ፣
ገድሉ


ዘጌ፣ ዓርብ መጋቢት 4

እትየ፤

ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ። ቀይ እስክሪብቶ ከየት አገኘሽ? አካሉ ወረቀቱን ሲዘረጋልኝ እጄ ላይ የሳሙና አረፋ ነበር። «ሳሙናውን ጣል!» ብለሽ በትልቁ የጻፍሽውን ከእጄ ላይ አረፋው እየተንጠባጠበ አነበብሁት። ስድብሽንም እስከ ታች አነበብሁ፤ አሁን ሁሉንም እስከ ታች ነው የማነበው። ይቅር በዪኝ። «አህያ» ያልሽውን ግን አካሉም አይቶታል፤ ጀልባ ላይ ሁሉ «እንዴት አደርህ አህያው» እያለኝ ነው።

ሽታው ተመለሰ። መመለስ ብቻ አይደለም፣ ዘመዶቹን አስከትሎ ነው የመጣው። ለምን እንደ ገና ሎሚ አላደረግህበትም እንዳትዪኝ። ሎሚ ላመጣ ጓሮ ስሄድ፣ ቡና ስትቆላ ቆይታ አፍንጫዋን ጭስ የሞላው እማየ ካባውን ከገመዱ ላይ አውርዳ፣ ጠቅልላ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ልካዋለች። እሑድ ከዚያው ለብሰው እንዲወጡ አባየ አዝዘው ነው። ዕቃ ቤቱ ይቆለፋል፤ ቁልፉን ለእኔ የሚሰጥ ሰው ደግሞ በዘጌ ምድር የለም፤ ዝናዬን ታውቂዋለሽ።

ማን ተሸክሞ እንደ ወሰደው ታውቂያለሽ? ጥዑመ ልሳን። በመጨረሻ ዓሣዋ ለታሰበላት ሰው ደረሰች። ከኋላው ተከተልሁት። መንገድ ላይ ቆም ይልና እጅጌውን ያሸታል፤ ትንሽ ሄዶ ደግሞ መዳፉን ያሸታል። ከዚያ ጥቅልሉን ለዕቃ ቤቱ ሹም ሰጥቶ ወደ ሐይቁ ወርዶ ገላውን ይታጠብ ጀመር። ሽታው ከሱ የመጣ መስሎታል፤ ምስኪን። ሳምንቱን ሙሉ የጠበቅሁት ሳቅ ይኸው መጣ ብዬ አፌን ከፈትሁ፤ አልወጣልኝም።

አንድ ነገር ጠይቀሽኛል። «እውነቱን ንገረኝ፣ አባየ ዘንዘልማ እንዲሄዱ ትፈልጋለህ?»

ዓሣዋን ስሸጉጥ ስለ ዘንዘልማ አላሰብሁም፤ ይህን በፈለግሽው ታቦት እምልልሻለሁ። ሳሙናውን ሳነሣ ግን ደብዳቤሽ ኪሴ ውስጥ ነበር፣ እትየ። እጄን ብሰድ አነበው ነበር። ለምን አላነበብሁትም? ችኮላ ነው እላለሁ፤ መልሼ ደግሞ ምን አስቸኮለኝ እላለሁ። ግራ ገባኝ። ዓይናቸው እንዲድን እፈልጋለሁ። ለእማየ ግን «ገድሉ ቡናውንና ጌሾውን እየጠበቀ እዚሁ ይቆያል» ሲሏት ሰምቻለሁ። እነሱ ሄዱ፤ አንቺ የለሽም፤ እዚህ ጦጣውና እኔ ቀረን ማለት ነው። እኔ ከጦጣ ጋር የማወራውን ጨርሻለሁ።

ለአባየ ልነግራቸው ሄጄ ነበር። ዓይናቸውን ጨፍነው ለእሑድ የሚሉትን በለሆሳስ ያዜማሉ። «ገድሉ ነህ?» አሉኝ፤ «እርምጃህ ነው።» «አይ፣ ዝም ብዬ ነው» ብዬ ተመለስሁ።

ምን ላድርግ?

ገድሉ


ባሕር ዳር፣ ቅዳሜ መጋቢት 5

ለወንድሜ፤

አካሉ ሞተሩን አስነሥቶ እየጠበቀኝ ነው፤ ስለዚህ ስድቡን ለሌላ ቀን አቆይቼዋለሁ።

መምጣት አልችልም። ፈተናው ያልሁህ ወድቄ ነው፤ ሰኞ ድጋሚ እቀመጣለሁ። ይኸው አወቅህ። ላንተ የጻፍሁልህን ያህል ለመምህሩ ጽፌ ቢሆን ኖሮ አልፍ ነበር።

ሎሚ ኪስህ ውስጥ ያዝ። ካባውን ለአንዲት ደቂቃ ካገኘኸው ገበሩን አብሰው። ካላገኘኸው አባየ ከመልበሳቸው በፊት ንገራቸው። ሳያውቁ ሰው ፊት ከሚያፍሩ አውቀው በነጠላ ቢቆሙ ይሻላል።

ሌላም አለ፤ እስኪሆን አልነግርህም ብዬ ይዤው ነበር። ዘንዘልማ የማታ ትምህርት አለ። ሄጄ ጠይቄያለሁ፤ ካቆምህበት ይቀበሉሃል። አባየን በምን ቃል እንደምለምናቸው እያሰብሁ ነበር እንጂ ለጦጣ ልተውህ አልነበረም። ላምባ አይደለህም። የሚሰካብህን እየሸሸህ ነው እንጂ።

ሩሐማ


ዘጌ፣ ሰኞ መጋቢት 7

ለእትየ ሩሐማ፤ ፈተናሽን እግዜር ያቅናልሽ፤ ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ ወጥተሽ ይሆናል።

ከቻልሁ በቅደም ተከተል እነግርሻለሁ፤ እኔም ገና አልተገለጠልኝም።

ትናንት ሎሚ ይዤ ሄድሁ፤ ዕቃ ቤቱ በር ላይ ከነሎሚዬ ተባረርሁ። የዘንዘልማ ሰዎች በአካሉ ጀልባ ገብተዋል። አለቃቸው ቀሲስ ፍሬ ስብሐት የሚባሉ ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ናቸው። አካሉ ዋዜማውን ለሆቴል ዓሣ ሲያመላልስ ውሎ ጀልባውን በወጉ ሳያጥብ ነው የጫናቸው፤ የነጠላቸው ጫፍ ርሷል። አባየ ሳሟቸው። እኔ ስደርስ አባየ ካባውን ደርበው ወደ ቅኔ ማሕሌቱ ሊገቡ ነው። ሽታው ከበሩ ተቀበለኝ።

«አባየ፣ ይህ ሽታ...» አልሁ።

«ዝም!» አሉኝ በጆሮዬ። «እንግዶች ናቸው። የመጡበት ጀልባ ነው። ሰው ፊት አፍንጫህን እንዳትይዝ።»

እትየ፣ ለካ የሚሸቱት እንግዶቹ መስለዋቸዋል። አፌን ሳልዘጋ ገብተው መቋሚያቸውን ተደገፉ፤ ጾመ ድጓውን አነሡት። እንዴት እንዳዜሙ አልጽፍልሽም፤ ጽፌም አላደርሰውም። እኔ ግን የማየው እንግዶቹን ነበር። አንዱ ቀስ ብሎ እጅጌውን ያሸታል። ሌላው የነጠላውን ጫፍ አንሥቶ ያሸታል፣ ያፍራል፣ ከአጠገቡ ካለው ሰው ፈቀቅ ይላል። ያኛውም ፈቀቅ ይላል። እስኪያልቅ ድረስ ከመካከላቸው በሬ የሚያሳልፍ ቦታ ተከፈተ።

ሲወጡ ቀሲስ ፍሬ ስብሐት አባየ እግር ላይ ሊወድቁ ምንም አልቀራቸውም። «ይቅር ይበሉን፣ መሪጌታ። በዐቢይ ጾም ዓሣ የጫነ ጀልባ ላይ ተቀምጠን መጥተን ቅኔ ማሕሌቱን አሸተትነው።»

አባየ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «እኔ ምንም አልሸተተኝም።»

አባየ! በሁዳዴ! ዓይናቸውን ሳያሹ!

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ቀሲስ «የምንፈልገው እንዲህ የሰው ነውር የሚከድን መሪጌታ ነው» አሉ፤ ነገሩ በዚያው አለቀ፤ ከፋሲካ በኋላ ይወስዷቸዋል ተባለ። ሁሉም ደስ አለው፤ ከአካሉ በቀር። እሱን «ሰው አሳፈርህ» እያሉ ከየአቅጣጫው ወረዱበት።

ዝም ማለት እችል ነበር። ካንቺ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ግን አካሉ ራሱን አቀርቅሮ ወደ ጀልባው ሲወርድ ጥዑመ ልሳን በሐይቁ ዳር ገላውን ሲፈትግ ታየኝ። ሽታው ከማን እንደሆነ ሳያውቅ ሰው ሁሉ ራሱን እያሸተተ ሊኖር ነው እንዴ? ለአባየ ነገርኋቸው። እዚያው መንገድ ላይ፣ ከቀረሶዋ እስከ ሳሙናው፣ ከኪሴ አውጥቼ እስካላነበብሁት ደብዳቤ።

የካባቸውን ገበር ገልጠው አሸተቱ። ረጅም ጊዜ አሸተቱ። ከዚያ ያሉኝን አልጽፍልሽም፤ የኔው ነው። ሲጨርሱ ግን «ይቅርታ የጠየቁኝ እነሱ፣ የሸተትሁት እኔ! ና ውረድ!» ብለው ክንዴን ይዘው ወደ ወደቡ ወሰዱኝ። ጀልባው ሊነሣ ሲል ደረስን። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንደ ገና አስነገሩኝ። አሚኑንም ነገርኋቸው፤ ሥራው እንዳይቀርባቸው ፈርቼ ሳላቋርጥ ለፈለፍሁ። «ናይትሮጅኑ ነው እንጂ እሳቸው አይደሉም» ማለቴ ትዝ ይለኛል።

ሰዎቹ ዓይናቸውን ከእኔ ወደ አባየ አዞሩ። አባየ ካባውን አጥፈው በክንዳቸው ይዘዋል፤ ያለ ካባው ትንሽ ሆነው ታዩኝ። አለቀ፣ ሥራቸውን አሳጣኋቸው ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ።

ቀሲስ ፍሬ ስብሐት ሳቁ። ጀልባው እስኪወዛወዝ ሳቁ፤ አንዱ ሰውዬ ጠርዙን ጨበጠ። «እኔ እኮ ከእንግዲህ ሚስቴ ቤት አታስገባኝም ብዬ ነበር!» አሉ። ከዚያ ዕንባቸውን እየጠረጉ ወደ አባየ ዞረው «መሪጌታ፣ እርስዎን ከነካባዎ እንወስድዎታለን። ይህን ልጅ ግን ይዘውት ይምጡ። እዚህ ብቻውን ቢተዉት የዘጌን ገዳማት በሙሉ ዓሣ ዓሣ ያሸታቸዋል» አሉ።

አባየ «ቡናውን ማን ይጠብቀዋል?» ብለው ጠየቁ። ጥዑመ ልሳን ከኋላችን ኖሮ «እኔ እጠብቀዋለሁ» አለ፣ ፊቱ እንደ ወትሮው ኮምጥጦ። ከኔ ለመገላገል መሆኑ ነው። ይገባኛል።

ስለ ማታ ትምህርቱ ያልሽውን እኔ ራሴ ነገርኋቸው። «እስኪ እናያለን» አሉኝ፤ አባየ እንዲህ ካሉ እሺ ማለታቸው እንደሆነ ታውቂያለሽ። እኔም አንድ ነገር ሊሰካብኝ ነው። ምን እንደሚያደርገኝ አላውቅም፤ ጨው ያደርገኝ ወይም ኮምጣጤ። እስካሁን ግራ እንደገባኝ ነው፤ የዛሬው ግን አያስከፋም።

ዛሬ ከአካሉ ጋር ጀልባውን ስናጥብ ዋልን። በሳሙና ሊጀምር ሲል እጁን ያዝሁት፤ «መጀመሪያ ሎሚ፣ ከዚያ ንጹሕ ውኃ» አልሁት። «ማን ነገረህ፣ አህያው?» አለኝ። «ከሎሚው በታች አንብቤ» አልሁት። ካባውንም እንዲሁ አድርጌዋለሁ፤ ዛሬ እማየ አሽትታው ምንም አላለችም።

መቼም ስለዚህ ነገር ወንበር አስፈልጌሽ፣ ውኃ አስቀርቤሽ፣ ያቺን ምስኪን ሲናን ደረቷን አስመትቼ... ይቅርታዬን አድርሺልኝ። ቆመሽ፣ እንጀራሽን እየጎረስሽም ብታነቢው ኖሮ ይበቃ ነበር። አንዲት ቀረሶ ናት። እሷም ብትሆን ትንሽ።

ገድሉ